የቆረጥኳቸው ቋጠሮዎች

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልሽ ጎረቤትሽ መምህርት ስለሆኑ ሰላምታዬን ከእሳቸው ልጀምር። መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ? የፊደል ግድፈቴን ማረምዎ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት ሲያርም የኖረ እጅ ጡረታ ወጣ ተብሎ አርፎ አይቀመጥም። ግን እባክዎን በልብዎ ያርሙልኝ። ጮክ ብለው ካረሙ እታለም ትስቃለች፣ እርስዎም ይስቃሉ፣ ከዚያ ወሬ ትጀምሩና ደብዳቤው ግማሽ ላይ ይቀራል። ይኼኛው እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት።

እታለም፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን ዘጋሽብኝ። በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፣ ያቺ ስልኩ ውስጥ ያለች ሴትዮ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች፤ በመጨረሻ እሷንም መሳደብ ጀምሬ ነበር። ባለፈው እሁድ ግን መምህርት በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝና መልእክትሽን አደረሱኝ። "እህትሽ አልተቀየመችሽም። 'ባታውቅ ነው እንጂ ብታውቅ እንደዚያ አትለኝም ነበር። ሕፃን ናት፣ ትምጣ' ብላሻለች" አሉኝ። ሕፃን! ሠላሳ አንድ ዓመቴን ተሸክሜ! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። መምህርት "አይዞሽ፣ የደስታ ዕንባ ነው፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። የደስታ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ ስለ ዓይንሽ ምን እንዳለሽ፤ መጀመሪያ ቀለም እንደሚጠፋብሽ፣ ቀጥሎ የሰው መልክ፣ በኋላ ደግሞ የቀረው ሁሉ። ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ እንዳስማልሻቸው፣ በተለይ ለእኔ፤ ስልክሽንም የዘጋሽው ስለ ዓይንሽ እንዳልጠይቅሽ መሆኑን። "ሚጣ ከሰማች ሥራዋን ጥላ መጥታ እኔን ልጠብቅ ትላለች፤ እሷ ገና አሁን ሰው መሆኗ ነው" ብለሻቸው ነበር አሉኝ። ይህን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ግድግዳውን አየሁ። እታለም፣ አንቺ እኮ ስለ እኔ የምታስቢው እንዲህ ነው። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለሽ ታምኛለሽ።

ቅዳሜ በሚነሳው አውቶቡስ ቦታ ይዣለሁ። ከመምጣቴ በፊት ግን የምነግርሽ ነገር አለ፤ ከሰማሽው በኋላ "ትምጣ" ያልሽውን ቃል ልታነሺው ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። መጥቼ ፊት ለፊት እንዳልነግርሽ ደግሞ ገና በሩ ላይ "ሚጣዬ!" ብለሽ አንገቴ ላይ ስትጠመጠሚ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ሆድ ይፍጀው ብዬ አልተውኩትም ማለት አልችልም፤ ሰባት ሳምንት ሆድ ፈጅቶታል። አሁን ግን አንቺ ይቅር ስትዪኝ ባሰብኝ።

ዙሪያ ጥምጥም መሄዴ አይቀርም፤ ታገሺኝ።

እናታችን ስትሞት አንቺ ሃያ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጫማ አዳሹ አጎታችን ሱቅ ጥግ ላይ ወስፌ ይዘሽ ቁጭ ያልሽው ያኔ ነው። የእኔ ሥራ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነበር። ደንበኛ ሲመጣ "ይቺን ልጅ ታያታላችሁ? ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀ ነጭ ክር ታያለች" እያልሽ ታስተዋውቂኝ ነበር። አጎታችን ደግሞ "ዓይኗን ተዪውና እግሯን እዪልኝ፣ ወለሉን ሁሉ አቆሸሸችው" ይል ነበር። ያቺ ዓይን ናት በኋላ እንጀራ የሆነችኝ። አንቺ ነሽ የሳልሻት፤ ስትሰፊ አጠገብሽ ተጎልቼ ነው ቀጥ ያለውንና የተንሻፈፈውን መለየት የተማርኩት።

ሥራዬን መጀመሪያ ስነግርሽ ግን አልገባሽም። "ዕቃ ለፎቶ አዘጋጃለሁ" ስልሽ "ዕቃ ምን ዝግጅት ይፈልጋል? ሊዳር ነው?" አልሽኝ። ትዝ ይልሻል ስቱዲዮ የመጣሽ ቀን? አንድ የሴት ጫማ ላይ ተደፍቼ ነበር። ውስጡን በስስ ወረቀት ሞልቼ፣ ሶሉን በአልኮል አጽድቼ፣ ከስፌቱ መሃል አቧራ በወረንጦ እየለቀምኩ፣ ተረከዙ ሥር እንዳይንሸራተት ሰም እየለጠፍኩ። ጎንበስ ብለሽ አየሽውና "እኔ እንኳን ስዳር ይህን ያህል አልተኳልኩም" አልሽ። ፎቶ አንሺው፣ ያ ሁሉን ነገር "ቆይማ፣ ቆይማ" ስለሚል እኛም ቆይማ የምንለው፣ ሳቁ አምልጦት የካሜራውን ክዳን ጣለ። አንቺን መች ይህ ይበቃሽና! "ለዚህ ነው ትዳሩም ያልበረከተው" ብለሽ ጨመርሽበት። ያኔ ገና የሰው ፊት ታዪ ነበር። ሲስቅ የሚርገበገበውን ጉንጩን እያስመሰልሽ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ አሳቅሽኝ።

የእኛ ሥራ ምሕረት የለውም እታለም። ሰው የማያየውን ካሜራ ያያል። ዘለበት ላይ የጣት አሻራ ካለ በፎቶው ላይ የአውራ ጣት ያህል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ጠላታችን ትርፍ ክር ነው። ከስፌት ጫፍ ብቅ ያለ ክር ካየሁ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ወደ መቀሱ ይሄዳል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ኮሌታ ላይ የተንጠለጠለ ክር ልነቅል ስል ሰውዬው ዘወር ብሎ "ምን ሆነሻል እህቴ?" ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህን የምነግርሽ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። መቀሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ፣ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩልሽ ነበር።

ባለሱቋን አስታወስሻት አይደል? ያቺ ሽቶዋ ቀድሟት የምትገባው። ቦርሳዎችሽን እኔ ነኝ ያሳየኋት። ወደደቻቸው። አምስቱን ፎቶ አስነስታ ካታሎጓ ላይ ልታወጣ፣ ከሥራቸው ስምሽን ልትጽፍ፣ ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ሠላሳ ልታዝዝ ተነጋገርን። ሃያ ሦስት ዓመት ስትሰፊ አንድም ቦታ ስምሽ ተጽፎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ምልክት ነው የሚለጠፍበት። በስልክ ስነግርሽ "ሙሉ ስሜን? ከነአባቴ?" አልሽኝ። "ከነአያትሽ ከፈለግሽ" አልኩሽ። ደስታሽ ይሰማኝ ነበር። ባለሱቋ ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ሴትዮዋ ጤነኛ ናት? ሠላሳውን ታደርሳለች? ከዚህ በፊት አንዷ መሃል ላይ ታማብኝ ጉድ ሆኛለሁ።" እኔም አፌን ሞልቼ "እህቴ? ከማሽን ትበልጣለች። እኔ ዋስ ነኝ" አልኳት። ቆይማም "ደንበኛዋን ያመጣሻት አንቺ ነሽ፤ የፎቶውን ቀን የምትመሪው አንቺ ነሽ" አለኝ። ስድስት ዓመት የሰው ትእዛዝ ስቀበል ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

ከፎቶው ሁለት ሳምንት በፊት ቦርሳዎቹን ለማየት ቤትሽ መጣሁ። እኩለ ቀን ነበር፣ በርሽ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፀሐይ እስከ ጓዳ ገብታለች። በሩ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ሳይሽ ቀና ብለሽ "ማነው?" አልሽ። ከሁለት እርምጃ አይርቅም የቆምኩት። "እኔ ነኛ!" ስልሽ "ታዲያ አትናገሪም? ሌባ መሰልሽኝ እኮ" ብለሽ ሳቅሽ፤ እኔም ሳቅኩ። ሻይ ስትቀጂልኝ አመልካች ጣትሽን ስኒው ውስጥ አስገብተሽ ነበር። ሻዩ ጣትሽን ሲነካው ማፍሰስ አቆምሽና ጣትሽን እፍ አልሽው። መርፌ መሰኪያሽ ላይ ክር የገባባቸው አሥር መርፌዎች ተሰልፈው ነበር። አሁን መምህርት በየጠዋቱ እያስገቡልሽ እንደነበር ነግረውኛል።

ያን ቀን ግን አልጠየቅኩሽም። ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ስፌቱን አየሁ፤ አንድም የተዛነፈ አጣሁበት። እንዲያውም ከድሮውም ቀንቶ ነበር። እንዲህ የምትሰፋ ሴት ምን ትሆናለች አልኩ። ዓይኗ ደክሟት ይሆናል፣ መነጽር ይበቃታል፣ ካታሎጉ ይውጣና ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ አልኩ። ካታሎጉ ይውጣና! በአንቺና በሐኪም መሃል ካታሎግ አስገባሁ። መምህርት ግን ከዚያ በፊት ደጋግመው ወስደውሽ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ማክሰኞ እንሂድ።

አንቺ የምታውቂው ይህን ነው። ጠዋት ስቱዲዮ ደረስሽ። አራቱን ቦርሳዎች ጨርሼ ነጩ ወረቀት አጠገብ ደርድሬያቸው ነበር፤ ሰኞን ቀን ሙሉ የተደከመባቸው ናቸው፤ ሆዳቸው በወረቀት ተሞልቶ፣ ማንገቻቸው ቀጥ ብሎ እንዲቆም በቀጭን ሽቦ ተደግፎ፣ ዘለበታቸው በጓንት ተወልውሎ። አምስተኛዋ፣ ቡናማዋ፣ ማንገቻዋ ረዝሟል ተብሎ በአጭር መቀየር ነበረባት። "ለእኔ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው" አልሽ። ባለሱቋም መጣች። "እጄን ልታጠብ፣ ቆዳ በላብ እጅ አይነካም" ብለሽ ወደ ውስጥ ገባሽ። ስትመለሺ ተቀመጥሽ፣ ክር መረጥሽ፣ ሰፋሽ። ባለሱቋ ከኋላሽ ቆማ ታይ ነበር። ጨርሰሽ ቦርሳዋን ስታዞሪያት ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ክሩ ግን አረንጓዴ። ቡናማ ቆዳ ላይ አረንጓዴ ክር። ያን ጊዜ ነው እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የሰፋሽው?" ያልኩሽ። ምላሴን በቆረጠው። ቆይማ ሳቀ፣ መብራት የሚይዘው ሰውዬ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። "እርጅና እኮ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው" አልሽ። ባለሱቋ ግን አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን በሁለት ጣቷ አንስታ "የክር ቀለም የማይለይ ሰው ጋ ሠላሳ ቦርሳ አላዝም" አለችኝ፣ ለእኔ፣ አንቺ እዚያው እያለሽ።

አንቺ የምታውቂው ይህን ነው፤ ለመምህርትም የነገርሻቸው ይህን ነው። "አላወቀችም፣ ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ለሥራዋ ደንግጣ ነው" አልሻቸው።

መምህርት፣ አሁን የሚመጣውን እንዳይዘሉት። ደግ ነዎት፤ ዓይንዎ ቀድሞ ካየው አፍዎ ሊያልፈው ይችላል። በልጅነቴ የሰፈር ደብዳቤ አነብ ነበርና መጥፎ መጥፎውን እንዴት እንደሚታለፍ አውቃለሁ። ከዘለሉት ኃጢአቱ የእርስዎም ይሆናል።

እታለም፣ አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ስትገቢ የክር ሳጥንሽን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጥቅል ነበር። የሦስቱም ጫፍ ተቋጥሯል፤ አንዱ አንድ ቋጠሮ፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት። ባለሱቋ ጠረጴዛውን ልታየው ነው፣ የተዝረከረከ ነገር እንዳታይ ብዬ መቀሱን አነሳሁና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግኳቸው። ጫፎቹን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። ጥቅሎቹንም በነጭ ጨርቅ ላይ እኩል አሰለፍኳቸው። እስከዚህ ድረስ እውነትም አላውቅም ነበር። አንድ ቋጠሮ ለጥቁር፣ ሁለት ለቡናማ፣ ሦስት ለአረንጓዴ መሆኑን፣ ከመምህርት ጋር ቁጭ ብላችሁ የፈጠራችሁት ብልሃት መሆኑን የሰማሁት እሁድ ነው።

ግን መጥተሽ ተቀመጥሽ። እጅሽን ወደ መጀመሪያው ጥቅል ሰደድሽና ጫፉን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣትሽ ያዝሽው። ጣቶችሽ ክሩን ይዘው ወደ ታች ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ። ሁለተኛውን ያዝሽ። ሦስተኛውን። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለስሽ። ከዚያ ጣቶችሽ ቆሙ። ፊትሽ ወደ ጠረጴዛው ነበር፣ ዓይንሽ ግን ክሮቹ ላይ አልነበረም፤ የትም አልነበረም።

ያኔ አወቅሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፣ ስኒው፣ መርፌዎቹ፣ "ማነው?" ያልሽው። ቋጠሮዎቹ ምን እንደነበሩ፣ ምን እንዳደረግሁሽ ገባኝ። አንዲት ቃል ነበር የሚበቃሽ። "እታለም፣ ቡናማው መሃል ያለው ነው" ማለት። ወይ ምንም ሳልናገር ጥቅሉን አንስቼ እጅሽ ላይ ማድረግ። ክንዴን ልዘርጋ ብል ይደርሳል።

ባለሱቋ ከኋላሽ ቆማለች። ለቦርሳ ሰፊ የክር ቀለም የሚነገረው ለምንድን ነው ብትለኝስ? ዋስ ነኝ ብያታለሁ። ጤነኛ ናት ብያታለሁ። ውሸታም ልባል ነው፣ ቀኑ ደግሞ የእኔ ቀን ነው። ከሁለታችን አንዳችን እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደምንዋረድ ታየኝ። አንቺን መረጥኩ፣ እታለም። ሳላስብ ነው ልልሽ እፈልጋለሁ፤ ግን አስቤ ነው። ዓይን ጨፍነው እስኪከፍቱ ባለች ጊዜ ውስጥ ሰው ስንት ነገር ያስባል መሰለሽ።

ምናልባት ዕድል ይመራት ይሆናል አልኩ፣ ከሦስት አንድ ነው። አረንጓዴውን አነሳሽ፤ ቀዳዳው ሰፋ ባለው የቆዳ መርፌ በዳሰሳ አስገባሽው። የመጀመሪያው ስፌት ሲገባ አየሁ። አሁንም ማስቆም ይቻል ነበር። አላስቆምኩሽም። ሃያ ስድስት ስፌት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። በወስፌው ትበሺያለሽ፣ በጣትሽ ቀዳዳውን ትፈልጊያለሽ፣ መርፌውን ታሳልፊያለሽ፣ ክሩን ስትስቢ ከንፈርሽን ትነክሺያለሽ። በልጅነቴ እንዲህ ስትሰፊ አጠገብሽ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ያን ቀን አጠገብሽ ቆሜ ሃያ ስድስቱንም አየሁ። ስትጨርሺ ደግሞ ማንም ማወቄን እንዳይጠረጥር ከሁሉም ቀድሜ ጮህኩብሽ። ያ ጩኸት ድንጋጤ አልነበረም። መሸፈኛ ነበር።

ገና አለ። ሳጥንሽን ሰብስበሽ "እንግዲህ ልሂድ" ስትዪ ከጠረጴዛው ሳልነሳ "ታክሲ ልጥራልሽ?" አልኩሽ። "መንገዱን አውቀዋለሁ" አልሽኝ። ስትወጪ በሩ አጠገብ የቆመው የመብራት ማቆሚያ ጉልበትሽን መታሽ። ሰው መስሎሽ "ይቅርታ ጌታዬ፣ አላየሁዎትም" አልሽው። ማንም ልብ አላለም። እኔ አየሁ፣ ሰማሁም። አንገቴን ደፍቼ ዘለበት መወልወል ቀጠልኩ። በዚያ በማያይ ዓይንሽ ደረጃውን እንዴት እንደወረድሽ፣ መናኸሪያው እንዴት እንደደረስሽ እስካሁን ልጠይቅሽ አልደፈርኩም። መምህርት "አንድ ደግ ሰው እጇን ይዞ አሻግሯት ነው" አሉኝ። የማታውቂው ሰው እጅሽን ያዘ፣ እኔ ዘለበት ይዤ ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለሱቋ ከሰዓት በኋላ ስትሄድ ቆይማን ምን ብትለው ጥሩ ነው? "ይቺን ልጅ ያዛት። ለእናቷ ልጅ እንኳ የማታዳላ ዓይን አላት።" ሳምንት ሳይሞላ የዝግጅት ክፍሉን ኃላፊነት ሰጠኝ። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ መሳቢያ ከነቁልፉ። እጅሽን ረግጬ ነው የወጣሁት እታለም፣ እጅሽን! ሰዎች "እንኳን ደስ አለሽ" ሲሉኝ "አሜን" እላለሁ፤ ምን ልበል?

ትናንት ለቆይማ ሁሉንም ነገርኩት። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል "ቆይማ…" አለና ወደ ካሜራው ዞሮ ክዳኑን ገጠመ። ለባለሱቋም ደውዬ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክሮቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። "አዝናለሁ፣ ካታሎጉ ታትሟል" አለችኝ። አራቱ ቦርሳዎችሽ አሉበት፤ ስምሽ የለበትም። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ቆይማ እጁ መጥፎ አይደለም። ስፌትሽ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንድ ላይ ሆነን እንድናየው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን አንቺ ወረቀቱን ትዳስሺዋለሽ እንጂ አታዪውም። የእጅሽን ሥራ እንደዚያ ሆኖ አለማየትሽ አንጀቴን ይበላዋል።

እሁድ ደግሞ መምህርት ስለ ዓይንሽ ሲነግሩኝ "ወይኔ! እውነትዎን ነው? ወይኔ እህቴን!" አልኩ፤ እንደ አዲስ ነገር። መምህርት፣ እርስዎንም ነው የዋሸሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ልማድ ሆነብኝ መሰለኝ። ስልኩን ስዘጋ ግን እንዲህ ሆኜ ቤትሽ ብመጣ፣ እንዲህ ሆኜ እጅሽን ይዤ ወደ ሐኪም ብወስድሽ፣ አንቺም ለሰው ሁሉ "ታናሼ ናት፣ ሥራዋን ትታ መጣችልኝ" ብትዪ፣ ዕድሜ ልኬን ስታመሰግኚኝ ልሰማ ነው አልኩ። አልቻልኩም። ልጠብቅሽ ፈልጌ ነው የምመጣው፤ ጠረጴዛውንም ቁልፉንም መልሻለሁ፤ ለእሱ አመስግኚኝ ማለቴ አይደለም፣ እንድታውቂው ነው። ግን የማታውቂውን ሰው እጅ ይዘሽ እንድትሄጂ አልፈልግም። አንዴ ሄደሻል።

መምህርት እስከ ዓርብ ይደውሉልኝ። "ትቅር" ካልሽ እቀራለሁ፤ መርፌዎቹንም መምህርት ያስገቡልሽ፤ እኔ ደጅ ቆሜ አላስቸግርሽም። ዝም ካልሽም ገብቶኛል። አልቅሺና ወስኚ፣ ወይም ስደቢኝና ወስኚ፣ እንደፈለግሽ። ብቻ አንድ ነገር፦ "ሕፃን ናት" እንዳትዪ።

ሰባት ሳምንት ሳትቀየሚኝ የቆየሽው ባላወቀችው እህትሽ ላይ ነው። "ትምጣ" ያልሽውም እሷን ነው። ላወቀችዋስ እታለም፣ ምን ትያለሽ?

መልስሽን የምጠብቅ፣
ታናሽሽ ሚጣ